ሰባት ጆግ ውሃ፦ በድሬዳዋ የአንድ ወጥ ቤት ቧንቧ ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ፤ ዒድ አልፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 13። በስድስት ቀን ውስጥ ሁለት በዓል። ድሬዳዋ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። የእኛ ዶሮ ወጥ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ የእነርሱ ሩዝና የፍየል ሥጋ በዚያው ሳህን ወደ እኛ ይመጣል፤ ሳህን ደግሞ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ልውውጡ ማብቂያ የለውም። ዓርብ ማታ የመጨረሻውን የሳህን ክምር ሳጥብ የወጥ ቤታችን ሲንክ ውሃ መዋጥ አቆመ።

ሲንኩ ባለ ሁለት ገንዳ ነው። በቀኙ ያፈሰስኩት በግራው ብቅ አለ፤ ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ተንሳፍፎበታል፣ ከሥሩ ሩዝ ዘቅጧል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ወዲያው ፈረደች።

«ጮማው ነው። ስንት ጊዜ ተናገርኩ!»

ሳምንቱን ሙሉ የበላነውን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ፍርድ አይገኝም። እኔም አምኜ ተኛሁ። ይህን የምጽፈው ፍርዱ ከግማሽ በላይ ስህተት ስለነበረና ስህተቱም የወጥ ቤታችንን ወለል ሊያስፈርሰው ጥቂት ስለቀረው ነው። ሙያዬ ሒሳብ መያዝ እንጂ ቧንቧ አይደለም። ሆኖም የጎደለ ሒሳብ እንዴት እንደሚፈለግ አውቃለሁ፤ የተደፈነ ቧንቧም የሚፈለገው በዚያው መንገድ እንደሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ተማርኩ።

ቤቱና ውሃው

የምንኖረው ከዚራ የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ የድንጋይ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ግቢው ዛፍ ያለው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ወጥ ቤቱን ከዋናው ቤት ጀርባ ያስገነባው እርሱ ነው፤ የቧንቧውን መስመር የዘረጋውም ራሱ ነው፤ ፕላኑንም ወረቀት ላይ ሳያሰፍር ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞት ሄደ። (ቧንቧን «ቱዮ» ይል ነበር። ከተማዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር ስትወለድ ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ስለነበሩ የድሮ የባቡር ሰዎች አፍ ላይ እንዲህ ዓይነት ቃል አይጠፋም። ቧንቧ ሠራተኞቹ ግን ዕቃቸውን የሚጠሩት በጣሊያንኛ ነው፤ የቧንቧ መፍቻው ጂራቱቦ፣ የብረት መጋዙ ሴጌቶ፣ መታጠፊያው ጎሚቶ። እኔ በሁለቱ መካከል ተወዛግቤ ነው ያደግሁት።)

የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው። በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፣ ሲሚንቶም ይመረትበታል፤ ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የማንኛውንም የድሬ ቤት ማንቆርቆሪያ ክዳን ከፍቶ ነጩን ቅርፊት ማየት ይበቃል። ሁለተኛው ነገር ውሃው በፈረቃ የሚመጣ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕቃ የምናጥበው ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ ሳይሆን ከበርሜል በተቀዳ፣ በሳፋ ውስጥ ሦስት ጊዜ በተመላለሰ ውሃ ነው። ያ ቅባትና ሳሙና የተሸከመ ውሃ ሲንኩ ውስጥ ይደፋል፤ ከኋላው ተከትሎ የሚያጥበው ንጹህ ውሃ የለም። ይህ ነጥብ በኋላ ይመለሳል።

ቅዳሜ፦ ሁሉም ሰው የሚያፈሰው አለው

ጠዋት ስነሣ በሲንኩ ውስጥ የነበረው ውሃ አብዛኛው ወርዷል። ይህ ራሱ ፍንጭ ነበር፤ ቧንቧው ጠበበ እንጂ ጨርሶ አልተዘጋም ማለት ነው። ግን ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። እናቴ እኔ ሳልነሣ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገልብጣበታለች። ጎረቤታችን ደግሞ በአጥሩ በኩል «የፈላ ውሃ እያለ ምን አስጨነቃችሁ?» ብላ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ አቀበለችን።

የፈላ ውሃ ምክር ጥሩ የሚመስለው ድሬዳዋ ሞቃት ስለሆነች ነው። «በዚህ ሙቀት ጮማ እንዴት ይረጋል?» ይባላል። ይረጋል። ቅቤ በቀን ሙቀታችን ሊቀልጥ ይችላል፤ የበግና የፍየል ሞራ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፣ ከወለል በታች ያለው ቧንቧ ደግሞ ከደጁ አየር የቀዘቀዘ ነው። የፈላው ውሃ መጀመሪያ ያገኘውን ቅባት አቅልጦ ጥቂት ሜትር ይወስደውና ሲቀዘቅዝ እዚያው ያስቀምጠዋል። ሌላም አለ። ፒቪሲ ቧንቧ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት አዘውትሮ ቢፈስበት ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያውም ሊላቀቅ ይችላል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ይበቃል። የእኛ ማንቆርቆሪያ ለነገሩ ክፉም ደግም ሳይሠራ ተመልሶ ገንዳው ላይ ቆመ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሰው በሰው የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። የሲንኩን አፍ አየና ከቦርሳው ጽሑፍ የሌለው የላስቲክ ጠርሙስ አወጣ። አሲድ ነው። ክዳኑን ሲፈታ ወጥ ቤቱ ገና በረኪና በረኪና ይሸት ነበር።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አልኩ። «ጠዋት በረኪና ተደፍቶበታል።»

«ምን አለበት? ሁለቱም ማጽጃ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በከተማችን ቤቶች ሁለቱ ጠርሙሶች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አያለሁና። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። «አንዱ ካልሠራ ሌላውን» የሚለው ልማድ ነው ሰውን የሚጎዳው፤ የመጀመሪያው ስላልሠራ የትም አልሄደም፣ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ሁለተኛውን እየጠበቀ ነው። ኮስቲክ ሶዳም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ቅባትን ወደ ሳሙና ይለውጣል፣ እውነት ነው፤ ግን ከውሃ ጋር ሲገናኝ እጅግ ስለሚሞቅ ቆዳና ዓይን ያበላሻል፣ ጥቂት ሆኖ ከቆመ ውሃ በታች ከቀረ ደግሞ ቀጥሎ ቧንቧውን የሚፈታው ሰው ፊት ላይ ይፈናጠራል።

ሰውየው ጠርሙሱን እያጉረመረመ መለሰ። ከዚያ ከሲንኩ አንድ ሜትር ከምናምን ፈቀቅ ብሎ ወለሉን በተረከዙ ሁለት ጊዜ መታ።

«እዚህ ጋ ነው። ሴራሚኩ ይፈረሳል።»

«በምን አወቁ?»

«ልምድ ነው።»

ልምድን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በሥራዬ «ልምድ ነው» ተብሎ የተመዘገበ ወጪ ተቀብዬ አላውቅም። ለመምጫው ከፍዬ፣ ለሰኞ እንነጋገር ብዬ ሸኘሁት። እናቴ አኮረፈች፤ «ሠራተኛ አባረርሽ»።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ከፍቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ የቆመውን ውሃ በኩባያ እየቀዳሁ ወደ ባልዲ ገለበጥሁና ሲፎኑን ፈታሁት። ከሲንኩ ሥር ያለችው ጠርሙስ መሰል ነገር ነች ሲፎን የምትባለው። ሥራዋ ውስጧ ጥቂት ውሃ ይዛ የጉድጓዱን ሽታ መከልከል ነው፤ ውሃ ስለምታቆይ ከባድ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እርሷ ዘንድ ይቀራል። በእጅ ትፈታለች፤ ጂራቱቦ የሚያነሣ ሰው ላስቲኩን ይሰብራል። ከውስጧ ሩዝ፣ የሻይ ቅጠል፣ ብዙ የቡና አተላና ከገና ጀምሮ ስትፈለግ የነበረች የሻይ ማንኪያ ወጣ። እናቴ ማንኪያዋን ስታይ ኩርፊያዋ ለቀቃት፤ አተላውን ስታይ ግን ክሱን ቀየረችው፤ «ጮማና አተላ ነው»። አተላውን የምደፋው እኔ ነኝ።

ሲፎኗን አጥቤ ለብቻዋ ውሃ አሳለፍኩባት፤ ያለ ችግር ፈሰሰ። መልሼ ስገጥማት ሲንኩ እንደገና ሞላ። ሲፎኗ ቆሽሻ ነበር እንጂ ጥፋተኛ አልነበረችም። አንደኛው ገንዳ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቄ በሌላው ላይ ባለ እንጨት እጀታውን የጎማ ማፈኛ ለረጅም ጊዜ ደበደብኩ። ጨርቁ ካልተጠቀጠቀ ግፊቱ በሌላው ገንዳ ይወጣና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል፤ ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያው ምት ግራ ገንዳው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ደረቴ ላይ ከረጨው በኋላ ነው። ለውጥ የለም።

ማታ ላይ ባጃጅ የሚጠግነው የጎረቤት ልጅ መጣ። «እማማ፣ አቦ ይሄ ቀላል ነው» እያለ ያረጀ የክላች ገመድ አወጣ፤ ሁለት ሜትር አይሞላም። ጫፉን አጥፎ በግድግዳው ቧንቧ አፍ አስገባው። ገመዱ ወረደ፣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፈ፣ ቀጠለ፣ አለቀ። ምንም አልነካም። ልጁ አፈረ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ የመጀመሪያው የታመነ ቁጥር እርሱ ነበር፤ ከቧንቧው አፍ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከዚያም በላይ መንገዱ ክፍት ነው። ሰውየው በተረከዙ የመታው ሴራሚክ ደግሞ ከዚያ ውስጥ ነበር።

እሑድ፦ ቧንቧው የሚውጠው

ሌሊቱን ስላልተጠቀምንበት ቧንቧው ቀስ በቀስ ራሱን አራግፎ አደረ። ጠዋት ቡና ሳይፈላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቧንቧ ዕቃ ነው። ሥሩ የተደፈነ ረጅም ጠባብ ዕቃ። ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ካወቅሁ ሥሩ የት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከግድግዳው በሚወጣው ቧንቧ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሚል ታትሟል። የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ የውስጡ ስፋት ወደ 46 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግማሹ 2.3 ሴንቲ ሜትር፤ እርሱ በራሱ ተባዝቶ በ3.14 ሲባዛ ወደ 16.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሜትር ቧንቧ የሚይዘው ወደ 1.66 ሊትር ነው። ይህን የጻፍሁት በእናቴ የዕቁብ ደብተር ጀርባ ላይ ነው፤ አሁንም አለ።

የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ፣ ገልብጬ፣ አፉን ቧንቧው ውስጥ ሰካሁት። የአንድ ሊትር ጆጉን ይዤ ማፍሰስ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ እናቴ መጥታ ቆመች። አራት። አምስት። ቧንቧው ውስጥ ጉሮሮ የሚያጥብ ሰው ያለ ይመስል ይንገጫገጫል። ስድስተኛው ላይ ድምፁ ከታች ወደ ላይ እየቀጠነ መጣ፤ ጋን ሲሞላ እንደሚሰማው። ሰባተኛው ጆግ ሲያልቅ ውሃው አፉ ላይ ደረሰና ቆመ።

ሃያ ደቂቃ ጠብቄ፣ ውሃው ሰርጎ ሲያልቅ ደገምሁት። ሰባት ጆግ ተኩል።

ሰባት ለ1.66 ሲካፈል 4.2 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሜትሩ ከቧንቧው አፍ ወደ ወለሉ ሥር በቁሙ የሚወርደው ነው። ይቀራል 3.7 ሜትር። ሜትር አውጥቼ ከሲንኩ ግድግዳ እስከ ጀርባው ግድግዳ ለካሁ፤ 2.9። ጥፋቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ከጀርባው ግድግዳ ውጭ፣ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ፣ ግቢ ውስጥ ነው።

ልኬቱ ጉድለት እንዳለው አውቄያለሁ። ቧንቧው ጨርሶ ስላልተዘጋ እያፈሰስኩ ሳለ ከታች የሚያመልጥ ውሃ አለ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። እንደተባለውም በኋላ ሲታይ ልዩነቱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ወለል ከማፍረስና ካለማፍረስ አንጻር ስልሳ ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም።

ወደ ጓሮ ወጣን። የሜትሩ ጫፍ ያረፈበት ቦታ ልሙጥ ሲሚንቶ ነው። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ የእናቴ ጤና አዳም የተተከለበት ትልቅ ቆርቆሮ ተቀምጧል። እናቴ ሜትሩን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! አባትሽ በረሮ በዛ ብሎ የለሰነው!»

ጤና አዳሙ ሥር ማንሆል ነበረ። አንድም ቀን ሲከፈት አላየሁም፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር። የባጃጁ ልጅ በመሮ ልስኑን ዙሪያውን ነቀለው፣ ክዳኑን አነሣነው፣ ፊታችንን አዙረን ጥቂት እንዲናፈስ ተውነው። (የተዘጋ የፍሳሽ ጉድጓድ ሲከፈት ክብሪት መጫርም፣ አጎንብሶ ማሽተትም አይገባም።) ውስጡ ደረቅ ነው ለማለት ይቻላል። ሁለት ቧንቧዎች ይገቡበታል፣ አንዱ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ይወጣል። እናቴ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ስትለቅ በአንደኛው አፍ ወርዶ ያለ አንዳች መሰናክል ወደ ታንኩ ሄደ። ታንኩ ነጻ ወጣ። በሌላኛው፣ በወጥ ቤቱ በኩል ባለው አፍ ግን የምትወርደው የክር ያህል ቀጭን ውሃ ብቻ ነበረች።

ማንሆሉ ሞልቶ ብናገኘው ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጠራው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ነው። ደረቅ መሆኑ ግን ጥፋቱን በሲንኩና በማንሆሉ መካከል ቆለፈው። ከላይ ሲመጡበት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል የሚርቀው ነገር ከዚህ ሲገቡበት አንድ ሜትር አይሞላም።

መጋላ በኩል ካለ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አምስት ሜትር የሚሆን የቧንቧ መጥረጊያ ስፕሪንግ ገዝተን ተመለስን። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነበር። ልጁ ከማንሆሉ በኩል ወደ ላይ እያጠማዘዘ አስገባው። ዘጠና ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ወደፊት መግፋት ሳይሆን መጠምዘዝና ጥቂት ወደኋላ መሳብ ነው ዘዴው፤ የሚገፋ ሰው ድፍኑን የበለጠ ይጠቀጥቀዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ተጠማዘዘ። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ ነጭ ፍርፋሪ። ከዚያ «ዞር በሉ!» ለማለት እንኳ ሳይመች ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ በአንድ ትንፋሽ ማንሆሉ ውስጥ ገባ፤ ከፊቱ የጡጫ ያህል የሆነ ግራጫ ነገር እየገፋ።

ያቺን ጓል በጓንት ያዝኋት። እንደ ሻማ ትከብዳለች፣ እንደ ሳሙና ትፈረፈራለች። ስትሰበር በውስጧ ንብርብር አለ፤ አንድ ግራጫ፣ አንድ ጥቁር የአተላ መስመር፣ እንደገና ግራጫ፤ የተቆረጠ ግንድ ላይ እንደሚታየው። ቁራጯን በቀትር ፀሐይ የቆርቆሮ ጣራ ላይ አስቀመጥኳት። ቆርቆሮው እጅ አያስነካም ነበር። ንጹህ ሞራ ቢሆን ቀልጦ ይፈስስ ነበር፤ እርሷ ግን ላዩዋ ወዛ እንጂ ቅርጿን አልለቀቀችም።

ምክንያቱ ያ ማንቆርቆሪያው ላይ የምናየው ካልሲየም ነው። ከቅባት የሚለየው አሲድ በውሃችን ካለው ካልሲየም ጋር ሲጣመር በውሃ የማይሟሟ፣ በቀላሉም የማይቀልጥ ጠጣር ሳሙና ይፈጥራል። ልብስ ሲታጠብ ሳፋው ዙሪያ የሚቀረው አመዳማ ክብ ከዚሁ ወገን ነው። ቧንቧችን ውስጥ የነበረው የዚያ ሳምንት የፍየል ጮማ ሳይሆን፣ ለዓመታት የተጠራቀመ፣ ወደ ድንጋይነት የተጠጋ ሳሙና ነበር። ፋሲካና ዒድ የመጨረሻውን ጭብጥ ጨመሩበት እንጂ።

እናቴ «ታዲያ ጮማ አይደል?» አለች። ግማሽ እውነት ነበራት።

ሰኞ፦ ቀዩ ቅርፊት

ሲንኩ መዋጥ ጀመረ፤ ግን ቀስ ብሎ። አሥር ሊትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ነበር። ስፕሪንጉም ሲገባና ሲወጣ በዚያው ዘጠና ሴንቲ ሜትር ላይ ጠንካራ ነገር ይፍቅ ነበር፣ ሰሐን ላይ እንደሚጎተት ሹካ። ከወጡት ፍርፋሪዎችም ጥቂቶቹ በአንድ ጎናቸው ቀይ ነበሩ። በርበሬ መስሎኝ ነበር። በርበሬ ግን ጥፍር አይሰብርም።

አንዷን ስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ አቼቶ ጠብ አደረግሁባት። ግራጫው ጎን ዝም አለ። ቀዩ ጎን ግን ደቃቅ አረፋ አወጣ። አቼቶ ላይ እንዲህ የሚያፈላ ነገር ኖራ አለበት።

ሰኞ አንድ ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፤ የቅዳሜውን ሰው መልሶ ለመጥራት ፊት አልነበረኝም። ቁጥሮቹን ነገርኩት፤ ሳቀ፣ ግን ሰማ። ከጀርባው ግድግዳ ሥር ልስኑን ሰብሮ ወደ ግማሽ ሜትር ቆፈረና መስመሩ ወደ ማንሆሉ የሚዞርበትን ጎሚቶ አገኘው፤ ዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍ። በሴጌቶ ከሁለቱም በኩል ቆረጠው። አንሥቶ ወደ ብርሃን ሲያዞረው ሁለታችንም ዝም አልን። የታችኛው ግማሽ በጡብ ቀለም ድንጋይ ተሞልቷል፤ ላዩ የተለሰነ ያህል ለስላሳ። ከዚያ በላይ ግራጫው ሳሙና ቀለበት ሠርቶ ለውሃው የቀረችው መንገድ አውራ ጣት የማታስገባ ነበረች።

«እህቴ፣ ይሄ ሲሚንቶ ነው» አለ ልጁ። «ባለ ቀለም።»

ቁራጩን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና ወለሉ ላይ፣ ሴራሚክና ሴራሚክ በሚገናኙበት ቀይ መስመር አጠገብ አስቀመጥኩት። አንድ ነው። አንድ ቀለም፣ አንድ ልስላሴ።

ሴራሚኩን ያስነጠፍነው በ2012 ነው። ሠራተኛው መስመሮቹን የሚሞላበትን ባለ ቀለም ሲሚንቶ በባልዲ ይበጠብጥ ነበር። ማታ ማታ ባልዲውን የሚያጥበው እዚያው ሲንክ ላይ ነበር፤ ሮዝ ውሃ ሲሽከረከር ይታየኛል። ጓሮ ወስዶ ሊደፋው ሲል «ግቢውን አታቆሽሸው፣ እዚህ እጠበው» ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሲሚንቶ ለመጠንከር መድረቅ አያስፈልገውም፤ ውሃ ውስጥ ተኝቶም ይጠነክራል። ከባድ ስለሆነ ውሃው በሚዘገይበት ቦታ ይዘቅጣል። ልጁ ከጎሚቶው እስከ ማንሆሉ ባለው ሜትር ላይ ውሃ ልክ አስቀምጦ ሲያይ ቁልቁለት የለውም ለማለት ይቀላል፤ አባቴ፣ ባቡርን ያህል ነገር የሚያቃና ሰው፣ እዚህች ላይ ሰንፏል። ሹል መታጠፊያና ጠፍጣፋ መስመር አንድ ላይ ሲሆኑ ሲሚንቶው ሌላ የት ይሄዳል? ሻካራው ሲሚንቶ ቅባቱን ያዘ፣ ቅባቱ ካልሲየሙን ያዘ፣ በሳፋ የሚደፋው ጥቂት ውሃም ገፍቶ የሚወስድበት ጉልበት አልነበረውም። ሦስት ዓመት ፈጀ።

ቅዳሜ የተባለው አሲድ ቢገባበትስ? ሲሚንቶውን ይበላው ነበር፣ አዎን፤ እዚያ ከደረሰ። ግን መጀመሪያ ከበረኪናው ጋር እኛ ላይ ጋዝ ይለቃል፣ ቀጥሎ የሲንኩን ብረት ያጠቁረዋል፣ ከዚያም ሲሚንቶውን በሸፈነው ሳሙና ላይ ይተኛል። ወለሉ ቢፈርስ ደግሞ የሚገኘው ንጹህ ቧንቧ ነበር።

ጥገናው ግማሽ ቀን ወሰደ። በአንዱ ዘጠና ዲግሪ ጎሚቶ ፋንታ ሁለት አርባ አምስት ዲግሪዎች አጫጭር ቧንቧ በመካከላቸው ይዘው ገቡ፣ ውሃው ግድግዳ ከመምታት ይልቅ ዞር ብሎ እንዲያልፍ። መስመሩ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ተሰጠው። የፒቪሲው ሙጫ እስኪይዝ አንድ ሌሊት ውሃ አልለቀቅንም። የማንሆሉ ክዳን አልተለሰነም፤ ዙሪያው በጭቃ ተደፍኗል፣ በፈለግን ጊዜ እንዲነሣ።

ከዚያ ወዲህ

አሥር ሊትር ውሃ አሁን የሚወርደው በሃያ ሰከንድ ውስጥ ነው። በየወሩ መጀመሪያ በሰዓት እለካዋለሁ፤ እናቴ «የቧንቧ ደመወዝ ቀን» ትለዋለች። የቀየርናቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሲንኩ አፍ ላይ ወንፊት አለ። ቅባት ያለው ሳህን ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ይጠረጋል፤ የቀረ የወጥ ቅባት በቆርቆሮ ተጠራቅሞ ሲረጋ ይጣላል። ውሃ በሚመጣበት ቀን ሁለቱንም ገንዳዎች ለብ ባለ ውሃ ሞልቼ መድፈኛቸውን በአንድ ጊዜ አነሣለሁ፤ በሳፋ ጠብታ ለሚኖር መስመር በወር ሁለት ሦስቴ እንዲህ ያለ ግፊት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። የጓዳው በር ጀርባ ላይ ደግሞ በማርከር የተጻፈ አለ፤ «ከሲንክ ወደ ጓሮ፣ ጎሚቶ 3.6 ሜትር፣ ማንሆል 4.5፣ ጤና አዳም ሥር»።

ጤና አዳሙ በእርግጥ ከዚያ ተነሥቷል፤ ጽሑፉን አላረምኩትም። የቡና አተላው አሁን የሚሄደው ወደ እርሱ ቆርቆሮ ነው፤ ቅጠሉም ደህና ለምልሟል። እናቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሥኒውን ጨልጣ አተላውን እዚያ እየደፋች ታሪኩን ትነግራለች። በእርሷ አተራረክ ጥፋተኛው ያ የሴራሚክ ሠራተኛ ነው፣ እርሷም ከመጀመሪያው ጠርጥራ ነበር። ባልዲውን የት እንዲያጥብ ማን እንዳዘዘው እስካሁን አልጠየቀችኝም።